አፍንጫ የማይደርስበት ኬሚካል

በዋሽንግተን ዲሲና በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሐበሻ፣ ከምሳ በኋላ እጁን የታጠበበት ውሃ መጨረሻው የት እንደሆነ ብዙም አያስጨንቀውም። አብዛኛው የሚያመራው በፖቶማክ ወንዝ ዳር ወደሚገኘው ብሉ ፕሌንስ ወደተባለ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ነው። ጣቢያው ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ፍሳሽ የሚቀበል፣ በደረጃው ከዓለም ትልቁ የሚባል ነው። ይህ ግዙፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ አንድ ራስ ምታት ነበረበት። ከፍሳሹ ተለይቶ የሚወጣው ዝቃጭ ከኖራ ጋር ተለውሶ በጭነት መኪና ወደ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ እርሻዎች ይጓዝ ነበር። ለገበሬው ማዳበሪያ ነው፤ ለጎረቤቱ ግን ሽታ ነው። ከሽታዎቹም አንዱ ከፍሳሽ የማይጠበቅ ዓይነት ሆነ፤ የዓሣ ጠረን።

ዓሣ በሌለበት የዓሣ ጠረን ከየት ይመጣል? የጣቢያው መሐንዲሶችና አብረዋቸው የሠሩ ተመራማሪዎች ምንጩን ሲከታተሉ ከደረሱባቸው ነገሮች ዋነኛው፣ ዝቃጩ ውሃውን እንዲለቅ የሚጨመርበት ፖሊመር ነበር።

በውሃና ፍሳሽ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ፖሊመር ሲሉ በአብዛኛው የሚያወሩት ስለ ፖሊአክሪላማይድና ስለ ዘመዶቹ ነው። አክሪላማይድ የተባለ ትንሽ ሞለኪውል እየተቀጣጠለ የሚሠራ እጅግ ረጅም ሰንሰለት ነው። በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፈው የጭቃም ሆነ የዝቃጭ ቅንጣት ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላለው አንዱ ሌላውን ይገፋል፤ ስለዚህ ቀንም ሌሊትም ቢቀመጥ ወደ ታች አይወርድም። ሰንሰለቱ ቅንጣቶቹን ሰብስቦ ያያይዛቸዋል፤ ሲያያዙ ይከብዳሉ፤ ሲከብዱ ይዘቅጣሉ። ለዝቃጭ የሚውለው ዓይነት ፖዘቲቭ ቻርጅ እንዲኖረው ተደርጎ ይሠራል። ቻርጁን የሚሸከመው ከሰንሰለቱ ጎን የተንጠለጠለ፣ ናይትሮጅን ያለበት ክፍል ነው። ጣጣው የመጣው ከዚህች ክፍል ነው።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ዝቃጭን በኖራ የሚያክም ጣቢያ ፒኤቹን (የአሲድና የአልካሊ መለኪያውን) ወደ 12 አድርሶ ለሁለት ሰዓት ማቆየት አለበት። በዚያ ደረጃ ጀርሞች ያልቃሉ። የፖሊመሩ ተንጠልጣይ ክፍል ግን እዚያው ከሰንሰለቱ መቆረጥ ይጀምራል፤ ቁራጩም ተሰባብሮ መጨረሻው ትራይሜቲላሚን ይሆናል። የቆየ ዓሣ ዓሣ ዓሣ እንዲሸት የሚያደርገው ጋዝ ይኸው ነው። ፒኤቹ ዝቅ ያለ እንደሆነ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ፣ ጨው ሆኖ ይቀመጣል። ኖራው ሲገባበት ጋዝ ሆኖ ይወጣል። የሰው አፍንጫ ደግሞ ለዚህ ጋዝ ምሕረት የለውም፤ ከአየሩ ቢሊዮን እጅ አንዷ እጅ ሳትሞላ ይለየዋል። አሞኒያን ለማሽተት በሺዎች እጥፍ የሚበልጥ መጠን ያስፈልጋል።

ታዲያ ፖሊመሩ ጥራት ጎድሎት ነበር ወይ? አልጎደለውም። ሥራውን ይሠራል፤ በገባበት ቀን ዓሣ ዓሣ አልሸተተም። ሽታው የተወለደው ፖሊመሩ ከኖራው ጋር ሲገናኝ ነው። የዓሣው ጠረን በፋብሪካው ስንፍና የመጣ አልነበረምና አቅራቢውን ማባረር ብቻውን መፍትሔ ሊሆን አይችልም። ብሉ ፕሌንስ የለወጠው አሠራሩን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በ470 ሚሊዮን ዶላር ያስመረቀው አዲስ ተቋም ዝቃጩን በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በእንፋሎትና በግፊት ያበስለዋል፤ ከዚያም አየር በሌለበት ጋን ውስጥ ያብላላዋል። ኖራው ቀረ። የሚወጣው ዝቃጭም ከግማሽ በላይ ቀንሶ ዛሬ ብሉም በሚል ስም ለአትክልተኞች ይሸጣል።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ስለ ፖሊመር ጥራት ሲወራ ክርክሩ ሁልጊዜ ከአፍንጫ ስለሚጀምር ነው። መጋዘኑ የሸተተ እንደሆነ ዕቃው ተበላሽቷል ይባላል፤ ያልሸተተ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። የመጀመሪያው ግማሽ ስህተት ነው። ሁለተኛው ግን ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው፤ አደገኛውም እሱ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። በፈሳሽ መልክ የሚመጣው፣ ኢመልሽን የሚባለው ፖሊመር ላምባ ላምባ ይላል። ቢል አይገርምም፤ የፖሊመሩ ጠብታዎች የተበተኑት በማዕድን ዘይት ውስጥ ነው፤ ከጠቅላላው ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ዘይት ነው። ስለዚህ የላምባ ሽታ የዕቃው ተፈጥሮ እንጂ ጉድለቱ አይደለም። በርሜሉ ተከፍቶ ከላይ ጥርት ያለ ዘይት ተንሳፍፎ፣ ከታች ወፍራም ዝቃጭ ተቀምጦ ከተገኘ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ዕቃው ተለያይቷል፤ ያን ጊዜ የሚናገረው ዓይን ነው። ፖሊአሚን ወይም ፖሊዳድማክ የተባሉት ፈሳሾች ደግሞ ትንሽ የዓሣ ጠረን ሊኖራቸው ይችላል፤ የተሠሩበት የአሚን ቅሪት ነው። ፖሊአክሪላማይድን ከፎርማልዲሃይድና ከዳይሜቲላሚን ጋር አዋህዶ የሚሠራው የድሮው ማኒክ የሚሉት ዓይነት ከሁሉም ይብሳል፤ ጤነኛው ራሱ ይከረፋል። ዱቄቱ ግን አሞኒያ አሞኒያ ማለት ከጀመረ እርጥበትና ሙቀት አግኝቶት መፈራረስ መጀመሩን ሊጠቁም ይችላል። በጥብጠው ያሳደሩት የፖሊመር ውሃ ጎምዝዞ ከሸተተ ደግሞ በጋኑ ውስጥ ባክቴሪያ ገብቶበታል ማለት ነው፤ የአቅራቢው ሳይሆን የቤቱ ጥፋት ነው።

እንግዲህ ሽታ የሚናገረው ነገር አለ። የሚናገረው ግን ለለመደው ሰው ነው። ዛሬ የገባው በርሜል ከባለፈው ወር በርሜል የተለየ ሽታ ካለው፣ ልዩነቱ ራሱ መጻፍ ያለበት መረጃ ነው። አፍንጫን አቃልሎ ማለፍ ምን እንደሚያስከትል የዌስት ቨርጂኒያዋ ቻርልስተን ከተማ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 2014 የድንጋይ ከሰል ማጠቢያ ኬሚካል ከተበሳ ጋን ሾልኮ ኤልክ ወንዝ ሲገባ፣ ተቆጣጣሪዎችን ወደ ጋኑ የመራቸው የነዋሪዎች አቤቱታ ነው፤ የሊኮሪስ ከረሜላ ሸተተን ብለው ነበር። 300 ሺህ ያህል ሰው ውሃውን እንዳይጠጣና እንዳይታጠብበት ታዘዘ። በኋላ ባለሥልጣናቱ መጠኑ ከሚሊዮን አንድ እጅ በታች ወርዷል፣ ተጠቀሙበት ቢሉም ሽታው ከቧንቧው አልጠፋም፤ ሕዝቡም ለማመን ተቸገረ። አፍንጫ ከላቦራቶሪው ገደብ በታች ያለውን ሁሉ ያሸት ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደማይሸተተው።

ፖሊአክሪላማይድ ሲሠራ ሁሉም አክሪላማይድ ወደ ሰንሰለቱ አይገባም፤ ጥቂቱ ነጠላ ሆኖ ይቀራል። ሰንሰለቱ ራሱ ትልቅ ስለሆነ ሰውነት ውስጥ ብዙም አይዘልቅም፤ ነጠላው ግን ነርቭን ይጎዳል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ገምቶ መድቦታል። ነጭ ነው፤ ሽታ የለውም፤ በውሃ በቀላሉ ይሟሟል፤ ከሟሟም በኋላ ቀለም አይሰጥም። አፍንጫም ምላስም ዓይንም አይደርሱበትም።

ስዊድኖች ይህን በውድ ዋጋ ተማሩት። እ.ኤ.አ. በ1997 በደቡብ ስዊድን ሃላንድስ ኦስ በተባለ ተራራ ሥር የባቡር ዋሻ ሲቆፈር ውሃ እየሰረገ አስቸገረ። ስንጥቁን ለመድፈን አክሪላማይድ ያለበት ማሸጊያ በብዛት ተረጨበት። ሁሉም ወደ ፖሊመር አልተለወጠምና ቅሪቱ ወደ ወንዙ ወረደ። ዓሦች ሞቱ፤ ከወንዙ የጠጡ ላሞች ሽባ ሆኑ፤ ሠራተኞቹም እጅና እግራቸው ደነዘዘ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ተመራማሪዎች የሠራተኞቹን ደም ከዋሻው ጋር ምንም ግንኙነት ከሌላቸው ሰዎች ደም ጋር ሲያስተያዩ፣ በእነዚህኞቹም ላይ የአክሪላማይድ ምልክት አገኙ። ምንጩን ፍለጋ ወደ ማዕድ ወሰዳቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 አክሪላማይድ በተጠበሰና በተጋገረ ምግብ ውስጥ እንደሚፈጠር ለዓለም ይፋ አደረጉ። የተቆላ ቡናም ከዝርዝሩ አልቀረም፤ የአውሮፓ ኅብረት ዛሬ ለቡና አምራቾች በኪሎ 400 ማይክሮ ግራም የሚል መለኪያ አስቀምጦለታል። የቡና ቁርስ ላይ ተቀምጠን ጢሱን በእጃችን ወደ አፍንጫችን ስንጋብዝ የምናሸተው ብዙ ነገር ነው፤ አክሪላማይዱ ግን ከሚሸተቱት መካከል የለም። (ቡና ይቅር ማለቴ አይደለም። ማን ይሰማኛል?)

የመጠጥ ውሃ ሕግ ይህን ነገር የሚይዝበት መንገድ የተለየ ነው። ለእርሳስ ወይም ለፍሎራይድ ከቧንቧ ናሙና ተወስዶ ይለካል። ለአክሪላማይድ ግን አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጡት ደንብ ቧንቧውን ትቶ ከረጢቱን ያዘ። በዱቄቱ ውስጥ ያለው ነጠላ አክሪላማይድ ከ0.05 በመቶ፣ የሚጨመረውም ፖሊመር በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም የማይበልጥ ወይም ከዚህ ጋር የሚመጣጠን መሆኑን የውሃ ድርጅቱ በየዓመቱ በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የ1 ሚሊ ግራም 0.05 በመቶ ግማሽ ማይክሮ ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ ይኸው 0.5 ማይክሮ ግራም ነው። አውሮፓውያን አጥብቀው 0.1 ብለዋል። እንግሊዞች እዚያ ለመድረስ ቅሪቱን ከ0.02 በመቶ፣ መጠኑን ቢበዛ በሊትር ከግማሽ ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ገደቡት።

ይህ አሠራር አንድ ትልቅ ነገር ይናገራል። የውሃው ደኅንነት የተንጠለጠለው በሁለት ቁጥሮች ላይ ነው፤ በፋብሪካው ሰርተፊኬት ላይ በተጻፈውና ኦፕሬተሩ በሚጨምረው መጠን። አንዱ ውሸት ከሆነ ወይም ሌላው ከተዘነጋ የሚያስጠነቅቅ ሽታ የለም። ለፍሳሽ፣ ለማዕድን ማጠቢያና ለወረቀት ፋብሪካ ተብሎ የሚሠራው ፖሊአክሪላማይድ ለመጠጥ ውሃ ከሚሆነው የበለጠ ቅሪት ሊኖረው ይችላል። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው፤ ሁለቱም በ25 ኪሎ ከረጢት ይመጣሉ፤ ሁለቱም ጭቃውን እኩል ያወርዱታል። አንዱን ከሌላው የሚለየው ወረቀቱ ብቻ ነው። ጥራት የሚለውን ቃል ሥራው ላይ ላሉ ሰዎች ሳነሣ ብዙውን ጊዜ የሚመልሱልኝ ውሃውን ያጠራል ወይስ አያጠራም በሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን የዋሻው ማሸጊያም የተረጨው ውሃ እንዲያቆም ነበር፤ ላሞቹን ሽባ ያደረገው ቅሪቱ ነው።

ስለ ሌላው ሽታ አልባ እንግዳም ባጭሩ ልናገር። ፖሊዳድማክና ፖሊአሚን ውሃቸውን በክሎራሚን በሚያክሙ ከተሞች ውስጥ ኤንዲኤምኤ የተባለ ካንሰር አምጪ ውህድ እንዲፈጠር ሊያግዙ ይችላሉ። ካሊፎርኒያ የማስጠንቀቂያ መጠኑን ያደረገችው በሊትር 10 ናኖ ግራም ነው፤ የግራም ቢሊዮንኛ አሥር እጅ መሆኑ ነው። ስለዚህ አንድ ፖሊመር ብቻውን ጥሩ ወይም መጥፎ ነው ማለት አያስኬድም፤ ከምን ጋር እንደሚገናኝም መጠየቅ አለበት። ብሉ ፕሌንስ ላይ ከኖራ ጋር ሆነ፤ እዚህ ከክሎራሚን ጋር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከወንዝና ከግድብ ውሃ የሚያጣሩ ጣቢያዎቻችን የጀርባ አጥንት አሉሚኒየም ሰልፌት ነው፤ በአዋሽ መልካሳ ፋብሪካም ይመረታል። ፖሊመር የሚገባው በረዳትነት ነው፤ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃው ቡናማ ሆኖ ሲመጣና አሉሚኒየም ሰልፌቱ ብቻውን ሲያቅተው። በየዓመቱ ክረምት በሊትር ጥቂት ዐሥረኛ ሚሊ ግራም ስለሚገባ ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ ገደቡ የሚሰላው ግን በዚህችው መጠን ነው።

ጥራቱን በቅርብ ማየት የሚፈልግ ሰው ጃር ቴስት ሲሠራ ይቁም። ስድስት ብርጭቆዎች በአንድ መቅዘፊያ ማሽን ሥር ይደረደራሉ፤ በሁሉም ያው የግድቡ ጭቃ ውሃ ነው። የኬሚካሉ መጠን ግን ከአንዱ ወደ ሌላው እያደገ ይሄዳል። መቅዘፊያው አንድ ደቂቃ ያህል በፍጥነት ከዞረ በኋላ ይረጋጋል፤ ያኔ መጠኑ በገጠመበት ብርጭቆ ውስጥ ጭቃው አይብ ከአጓቱ እንደሚለይ መለየት ይጀምራል። ባነሰበት ብርጭቆ ምንም የለም። በበዛበትም ምንም የለም፤ ብዙ ፖሊመር ቅንጣቶቹን መልሶ ያራርቃቸዋል፤ የተረፈውም ወደ አሸዋ ማጣሪያው ሄዶ አሸዋውን ያጣብቀዋል። አዲስ የገባ ከረጢት ከአሮጌው ጎን ለጎን በዚህ መልክ ሲፈተን፣ ከየትኛውም አሽታች በላይ ይናገራል።

አብዛኛው ብልሽት ደግሞ ከፋብሪካ ሳይሆን ከአበጣበጥ ይመጣል። ዱቄቱ በሚሽከረከር ውሃ ላይ ቀስ ተብሎ መነስነስ አለበት። ቸኩሎ የገለበጠው ሰው ላዩ ዝልግልግ፣ ውስጡ ደረቅ የሆነ ጓል ያተርፋል፤ ያ ጓል ቀኑን ሙሉ ቢማሰል አይሟሟም። በኃይለኛ ፓምፕ የመታው ደግሞ ሰንሰለቱን ይቆራርጠዋል። ከዚያ በኋላ "የላኩልን ዕቃ አይሠራም" የሚል ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤው አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን የበጥባጩን ስህተት የሚሸፍን ነው። ለይቶ የሚያውቀው የምርት ቁጥሩን፣ የገባበትን ቀንና የጃር ቴስቱን ውጤት የመዘገበ ጣቢያ ብቻ ነው።

ከውጭ የሚመጣውን ትተን የራሳችንን ብንጠቀምስ የሚል ሐሳብም ይነሣል። የሽፈራው ፍሬ ውስጥ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ፕሮቲን አለ፤ የተፈጥሮ ፖሊመር መሆኑ ነው። የሱዳን ሴቶች የዓባይን የክረምት ውሃ በሽፈራው ፍሬ ሲያጠሩ የኖሩ ሲሆን፣ ሳሚያ አል አዝሃሪያ ያን የተባለች ተመራማሪ ይህንን ለዓመታት አጥንታ ለዓለም አስተዋውቃለች። ኮንሶዎች ቅጠሉን እንደ ጎመን የሚቀቅሉት የእኛው ሽፈራው ፍሬም ይህን ይችላል። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ለአንድ ቤተሰብ እንስራ ይሆናል። ለከተማ ግን አልመክረውም። ከተወቀጠው ፍሬ ጋር ሌላ ብዙ ኦርጋኒክ ነገር ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ ውሃው ከአንድ ቀን በላይ ከተቀመጠ ይሸታል። ከፋብሪካ የሚመጣውን የሚጠረጥር ሰው ከጓሮው የመጣውንም በዚያው ሚዛን ይመዝነው።

በመንግሥት ግዥ አሸናፊው አብዛኛውን ጊዜ መስፈርቱን አሟልቶ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው። ይህ በራሱ ጥፋት የለውም፤ ጥፋቱ መስፈርቱ ላይ ሲሆን ነው። የጨረታ ሰነዱ "ፖሊመር፣ ነጭ ዱቄት፣ ጥራት ያለው" ብሎ ካለፈ፣ ለማዕድን ማጠቢያ የተሠራውን በርካሽ ያቀረበ ነጋዴ ሰነዱን አልጣሰም። የከተማ ውሃና ፍሳሽ አገልግሎቶች የግዥ ክፍሎች ስለዚህ በሚቀጥለው ሰነዳቸው ላይ ሦስት መስመር እንዲጨምሩ እጠይቃለሁ። የነጠላው አክሪላማይድ መጠን በመቶኛ በየምርት ቁጥሩ በሰርተፊኬት ይቅረብ፤ ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደ ስለመሆኑ እንደ ኤንኤስኤፍ 60 ባለ የታወቀ ደረጃ ይመስከር፤ ክፍያውም ጣቢያው በራሱ ውሃ ጃር ቴስት ሠርቶ ሲቀበለው ይፈጸም። እርስዎም አንባቢ፣ የቧንቧዎ ውሃ ሽታውን በድንገት ከለወጠ ዝም አይበሉ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው ለአካባቢዎ የውሃ ቢሮ ያመልክቱ። ቻርልስተን ላይ ጋኑን ያስገኘው እንዲህ ያለ አቤቱታ ነው።